የፓስፖርት ማህተም የጤና ምስክር አይደለም
ከመዝናኛ መርከብ ስለሚወርዱ የውጭ አገር ተጓዦች የጤና፣ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ቁጥጥር

የመዝናኛ መርከብ በባሕር ላይ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ከተማ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ይመገባሉ፤ በአንድ ደረጃና በአንድ አሳንሰር ይመላለሳሉ፤ ማታም በአንድ ቴአትር ቤት ይሰበሰባሉ። ተጓዦቹ ከብዙ አገሮች የመጡ ናቸው፤ ጉዞው ሲያበቃም በአውሮፕላን፣ በባቡርና በአውቶቡስ ወደየአገራቸው ይበተናሉ። ስለዚህ በመርከቡ ውስጥ ተላላፊ በሽታ ካለ፣ ከመርከቡ ወደ ምድር የሚወርዱባት አጭር መሰላል በሽታው ከአንድ ሥፍራ ወደ ብዙ አገሮች የሚሻገርባት በር ትሆናለች።

በዚህች በር ላይ ሦስት ዓይነት ቁጥጥር ይካሄዳል፤ የጤና፣ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ። ብዙ ሰዎች ሦስቱን እንደ አንድ ይቆጥሯቸዋል። ፓስፖርታቸው ላይ ማህተም ካረፈና ሻንጣቸው ካለፈ፣ መንግሥት ሁሉን ነገር መርምሮ ያሳለፋቸው ይመስላቸዋል። ይህ የተሳሳተ ግምት በኮቪድ-19 ወረርሽኝ የመጀመሪያ ወራት የሰው ሕይወት እስከማስከፈል ደርሷል። ይህ ጽሑፍ ሦስቱ ቁጥጥሮች በምን እንደሚለያዩ፣ እንዴት እንደሚከናወኑ፣ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚከተል፣ ከተጓዡና ከቤተሰቡም ምን እንደሚጠበቅ ያብራራል። በውጭ አገር የተፈጸሙ ክንውኖች ቀን የተሰጠው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሦስት ጥያቄዎች፣ ሦስት ተቆጣጣሪዎች

የኢሚግሬሽን ሠራተኛው ጥያቄ «ይህ ሰው ማን ነው? ወደ አገሪቱ የመግባት መብት ወይም ፈቃድ አለው?» የሚል ነው። ፓስፖርቱን ከባለቤቱ ፊት ጋር ያመሳክራል፤ ቪዛውን ይመለከታል፤ ስሙን መርከቡ አስቀድሞ ከላከው የተጓዦች ዝርዝር ጋር ያስተያያል፤ እንደየአገሩ ሕግም አሻራ ይወስዳል። ትክክለኛ ፓስፖርት የያዘ ሰው ትኩሳት ቢኖረውም፣ ለዚህ ሠራተኛ ሰነዱ ያው ትክክለኛ ሰነድ ነው።

የጉምሩክ ሠራተኛው የሚጠይቀው «ይህ ሰው ምን ይዟል?» ብሎ ነው። ቀረጥ የሚከፈልበትን ዕቃ፣ አደንዛዥ ዕፅን፣ የጦር መሣሪያን፣ ከተፈቀደው መጠን በላይ የሆነ ጥሬ ገንዘብን ይፈልጋል። በብዙ አገሮች ትኩስ ፍራፍሬ፣ ሥጋና ሌላ የእንስሳት ውጤትም ይቆጣጠራል። የራጅ መሣሪያውና አነፍናፊ ውሻው ሥራቸው ሻንጣው ላይ ነው።

የጤና ተቆጣጣሪው ጥያቄ ከሁለቱ ይከብዳል፤ «ይህ ሰው ራሱም ሳያውቀው ምን ይዞ ሊሆን ይችላል?» የሚል ነውና። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ሰነድ ተጓዡ ኪስ ውስጥ የለም። መልሱ የሚገኘው ከመርከቡ ሐኪም መዝገብ፣ ከላቦራቶሪ ውጤት፣ መርከቡ ካለፈባቸው ወደቦች ታሪክ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጓዡ በእውነት ከሚናገረው ቃል ነው።

እነዚህ ሥራዎች በየአገሩ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ሥር ይገኛሉ። በጃፓን የወደብ ኳራንቲን ጣቢያዎች የጤና ሚኒስቴሩ፣ ኢሚግሬሽን የፍትሕ ሚኒስቴሩ፣ ጉምሩክ ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴሩ አካል ናቸው። በአውስትራሊያ ጉምሩክና የድንበር ኢሚግሬሽን ቁጥጥር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በአንድ የድንበር ጥበቃ ኃይል ሥር ተጠቃልለዋል። የመርከብ የጤና ይለፍ ግን የግብርናው መሥሪያ ቤትና የክፍለ ግዛቶቹ የጤና ቢሮዎች በጋራ የሚሠሩት ጉዳይ ነው። በአገራችን በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያና በየብስ መግቢያ ኬላዎች የጤና ልየታውን በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሥር የተመደቡ ባለሙያዎች ሲያከናውኑ፣ የሰነድና የዕቃ ቁጥጥሩ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ መሥሪያ ቤቶች ተግባር ነው። በየትም አገር ቢሆን አንዱ ተቆጣጣሪ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ አንዱ ያሳለፈውን ሌላው አጣርቶታል ብሎ መገመትም አይገባም።

የጤናው ቁጥጥር ለምን ይቀድማል?

በመርከብ የሚመጣን በሽታ ወደብ ላይ የመግታት ልማድ ረጅም ዕድሜ አለው። ዛሬ በክሮኤሺያ ዱብሮቭኒክ ተብላ የምትጠራው የራጉዛ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1377 ወረርሽኝ ካለበት አገር የሚመጡ ሰዎች ወደ ከተማዋ ከመግባታቸው በፊት ለ30 ቀን ተለይተው እንዲቆዩ ደንግጋ ነበር። ቆይታው በኋላ 40 ቀን ሆነ። «ኳራንቲን» የሚለው ቃልም አርባ ከሚለው የጣልያንኛ ቃል የወጣ ነው።

የዛሬው አሠራር የሚመራው እ.ኤ.አ. በ2005 ጸድቆ በ2007 ሥራ ላይ በዋለው የዓለም አቀፍ ጤና ደንብ ነው። ደንቡ አገሮች ሕዝባቸውን ከወረርሽኝ እንዲከላከሉ ያስችላል፤ ዓለም አቀፍ ጉዞንና ንግድን ያለ በቂ ምክንያት እንዳያውኩም ይጠይቃል። በዚህ መሠረት ወደብ የሚደርስ መርከብ የጤና መግለጫ እንዲያቀርብ ሊጠየቅ ይችላል። መግለጫውን የሚሞላው የመርከቡ አዛዥ ሲሆን፣ ሐኪም ካለ አብሮ ይፈርምበታል። በጉዞው ላይ በአደጋ ሳይሆን በሌላ ምክንያት የሞተ ሰው አለ ወይ? በተላላፊ በሽታ የተጠረጠረ አለ ወይ? የታመሙት ቁጥር ከተለመደው በልጧል ወይ? አሁን የታመመ ሰው በመርከቡ ላይ ይገኛል ወይ? ጥያቄዎቹ እነዚህንና የመሳሰሉትን ይመለከታሉ።

መልሱ አጥጋቢ ሲሆን መርከቡ የጤና ይለፍ ያገኛል። ይህም ወደቡን እንዲጠቀም፣ ሰውና ዕቃም እንዲያወርድ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። በዓለም አቀፉ የባሕር ምልክት አጠቃቀም መርከብ የሚሰቅለው ቢጫ ሰንደቅ «መርከቤ ጤናማ ነው፤ የጤና ይለፍ እጠይቃለሁ» የሚል መልእክት አለው። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የኳራንቲን ሕግ ከዚህ ይለፍ በፊት ማንም ሰው ከመርከብ እንዳይወርድ ይከለክላል። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። የተጭበረበረ ፓስፖርት ዘግይቶ ቢገኝ ባለቤቱ ተፈልጎ ሊያዝ ይችላል። በታክሲ፣ በባቡርና በአውሮፕላን ለብዙ ሰው የተላለፈን ቫይረስ ግን ሰብስቦ ወደ መርከቡ መመለስ አይቻልም።

የጤና መግለጫው ጉልበት ያለው በውስጡ በሰፈረው መረጃ ልክ ነው። በብዙ የመዝናኛ መርከቦች ላይ ሕክምና በክፍያ የሚሰጥ በመሆኑ ቀላል የመሰለውን ሳል ይዞ ወደ ክሊኒክ የማይሄድ ተጓዥ ጥቂት አይደለም። ከክፍል እንዳይወጣ መታዘዙን፣ ያለመውን ሽርሽር ማጣቱን ፈርቶ ትኩሳቱን የሚደብቅም ይኖራል። ሐኪሙ ያላየው ሕመምተኛ መዝገብ ውስጥ አይገባም፤ መዝገብ ያላገኘውን ሕመም መግለጫው አይናገርም፤ መግለጫው ያልተናገረውንም የወደቡ ባለሥልጣን ሊያውቅ አይችልም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶች አነጋገር በመርከብ ላይ ሲሆን ከደባቂው አልፎ አብረውት የተሳፈሩትን ሁሉ ይመለከታል።

በመውረጃው ቀን የሚከናወነው

ጉዞው በሚያበቃበት ዋዜማ ተጓዦች በሻንጣቸው ላይ ቀለምና ቁጥር ያለው መለያ አስረው ከክፍላቸው በር ውጭ ያስቀምጣሉ። የመርከቡ ሠራተኞች ሌሊቱን ይሰበስቡታል። በማግስቱ ጠዋት ተጓዦች በመለያቸው ቀለም ወይም ቁጥር በየቡድን እየተጠሩ ይወርዳሉ፤ በመንገደኞች ማስተናገጃው አዳራሽ ሻንጣቸውን ያነሳሉ፤ ፓስፖርታቸውን ያሳያሉ፤ የጉምሩክ መግለጫቸውን ይሰጣሉ፤ ከዚያም ወደ መንገድ ይወጣሉ። በብዙ ወደቦች ይኸው መርከብ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አዲስ ተጓዦችን ያሳፍራል። ስለዚህ መላው አሠራር የተዘረጋው ለፍጥነት ነው። በጤና ቁጥጥር ደግሞ አንዳንድ ጊዜ አስፈላጊው ነገር መጠበቅ ይሆናል፤ የላቦራቶሪ ውጤት በሰልፉ ፍጥነት አይደርስምና።

መርከቡ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ በሚቆምባቸው ወደቦች ደግሞ የኢሚግሬሽኑ ሥርዓት ይበልጥ ይቀላል። ለምሳሌ ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በመዝናኛ መርከብ ለሚመጡ የውጭ አገር ጎብኚዎች ቪዛ የማያስፈልገው ልዩ የመውረጃ ፈቃድ ትሰጣለች። የፈቃዱ መነሻ ተጓዡ ከተማውን አይቶ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ይመለሳል የሚል ነው። ለጎብኚዎች ምቹ የሆነው ይህ አሠራር፣ ተጓዡ በየወደቡ ከብዙ ሰው ጋር እየተገናኘ ወደ መርከቡ ይመለሳል ማለትም ነው። አንድ የታመመ ሰው በአንድ ወደብ መርከቡን ለቆ ቢሄድም፣ ያስተላለፈው በሽታ በመርከቡ ጉዞውን ሊቀጥል ይችላል።

ዮኮሃማ፦ የተሰረዘው የጤና ይለፍ

ዳይመንድ ፕሪንሰስ የተባለው መርከብ የደረሰበት ይህን በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2020 በሆንግ ኮንግ የወረደ አንድ ተጓዥ በፌብሩዋሪ 1 ቀን ቫይረሱ እንዳለበት ታወቀ። በዚሁ ዕለት መርከቡ በጃፓን ኦኪናዋ ደሴት ናሃ ወደብ ላይ ነበር፤ ተጓዦችም ጊዜያዊ የጤና ይለፍ አግኝተው ወርደው ተመልሰዋል። መረጃው ሲደርስ የጃፓን ባለሥልጣናት ይለፉን ሰርዘው መርከቡ ዮኮሃማ ላይ እንደገና እንዲመረመር አደረጉ። በመርከቡ ላይ 3,711 ሰዎች ነበሩ። ከፌብሩዋሪ 5 ጀምሮ ተጓዦች በየክፍላቸው ለ14 ቀን እንዲቆዩ ታዘዙ፤ በመጨረሻ በቫይረሱ መያዛቸው የተረጋገጠው 712 ደረሱ። ምርመራው ቫይረሱን ካገኘባቸው ሰዎች መካከል ግማሽ ያህሉ በተመረመሩበት ጊዜ ምንም ምልክት አልነበራቸውም።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የጤና ይለፍ ዘላለማዊ ምስክር ወረቀት አይደለም፤ በተሰጠበት ሰዓት በነበረው መረጃ ላይ የተመሠረተ ነው፤ አዲስ መረጃ ሲመጣ ሊሰረዝ ይችላል። ሁለተኛ፣ ከመርከብ መውረድ የጤና ክትትሉ ፍጻሜ አይደለም። ከፌብሩዋሪ 19 ጀምሮ ከወረዱት መካከል 23 ተጓዦች በቆይታው ወቅት በተገቢው ጊዜ ሳይመረመሩ መውጣታቸው ታውቆ የጃፓን የጤና ሚኒስትር በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። የተለያዩ አገሮች ዜጎቻቸውን በልዩ በረራ ሲወስዱ በአገራቸውም እንደገና ለ14 ቀን ለይተው አቆይተዋቸዋል። ጥንቃቄው ትርፍ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 21 ወደ እስራኤል ከተመለሱት 11 ተጓዦች መካከል፣ እዚያ እንደደረሱ በተደረገ ምርመራ ቫይረሱ የተገኘባት ሴት ነበረች። ይህም በእስራኤል የተረጋገጠ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመም ሆኖ ተመዘገበ። ተጓዧ በለይቶ ማቆያ የነበረች በመሆኗ ግን ቫይረሱን ይዛ ወደ ኅብረተሰቡ አልገባችም።

ሲድኒ፦ ያልተጠበቀው ውጤት

ዮኮሃማ ከሆነው አንድ ወር በኋላ ሩቢ ፕሪንሰስ የተባለው መርከብ ኒውዚላንድ ደርሶ ወደ አውስትራሊያ ተመለሰ። የአውስትራሊያ መንግሥት ከውጭ ወደቦች የሚመጡ የመዝናኛ መርከቦችን ማገዱን ማርች 15 ቀን አስታውቆ ነበር፤ አስቀድመው ጉዞ ላይ የነበሩ ጥቂት መርከቦች ግን እንዲገቡ ተፈቅዶላቸዋል። ሩቢ ፕሪንሰስ ከነዚህ አንዱ ነበር። በመርከቡ ላይ የመተንፈሻ አካል ሕመም የነበራቸው ሰዎች ነበሩ፤ ናሙናም ተወስዷል። የክፍለ ግዛቱ የጤና ባለሙያዎች ቡድን ግን በማርች 18 መርከቡን «ዝቅተኛ ሥጋት ያለበት» ብሎ መደበው። በማግስቱ ከ2,600 በላይ ተጓዦች የናሙናዎቹ ውጤት ሳይታወቅ በሲድኒ መሀል ከተማ ወረዱ። ውጤቱ በማርች 20 ሲደርስ ቫይረሱ በመርከቡ ላይ እንደነበረ ተረጋገጠ። በዚያን ሰዓት ግን ተጓዦቹ ተበትነዋል፤ በርካቶቹም በአገር ውስጥና በዓለም አቀፍ በረራ ላይ ነበሩ።

በጠበቃ ብሬት ዎከር የተመራው ልዩ አጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2020 ባወጣው ሪፖርት በመርከቡ ከነበሩት አውስትራሊያውያን ተጓዦች 663ቱ፣ ከመርከቡ ሠራተኞችም 191ዱ በቫይረሱ መያዛቸውን፣ ከጉዞው ጋር በተያያዘ 28 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። ከሟቾቹ 8ቱ ሕይወታቸው ያለፈው በአሜሪካ ነው። በታዝማኒያ ደሴት በሚያዝያ ወር አካባቢ በአንድ ሆስፒታል የተነሳው ወረርሽኝም ከዚህ መርከብ ከወረዱ ታካሚዎች የመጣ ሳይሆን እንዳልቀረ በአካባቢው መንግሥት የተካሄደ ምርመራ አመልክቷል። ሆስፒታሉ ተዘግቶ ሠራተኞቹ ከነቤተሰባቸው ተለይተው እንዲቆዩ ሆኗል።

ኮሚሽኑ ጥፋቱን ያገኘው በጤናው ውሳኔ ላይ ነው። ናሙናዎቹ በአስቸኳይ ተመርምረው ውጤቱ እስኪታወቅ ተጓዦች መርከቡ ላይ መቆየት ነበረባቸው። የግብርናው መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ለታመሙ ተጓዦች የሚሞላውን የማጣሪያ ቅጽ አላስሞሉም። በሌላ በኩል የድንበር ጥበቃ ኃይሉ፣ ማለትም ፓስፖርትና ሻንጣ የሚቆጣጠረው ክፍል፣ ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ አልተደረገም። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በዚያ ጠዋት የኢሚግሬሽኑና የጉምሩኩ ሥርዓት እንደተለመደው ተከናውኗል፤ የተጓዦቹ ሰነድም ትክክለኛ ነበር። ተጓዦቹ የደንብ ልብስ ከለበሱ ሠራተኞች ፊት አልፈው ሲወጡ ተጣርተን ወጣን ብለው ቢያምኑ አይፈረድባቸውም። በዚያች በር ላይ የጎደለው ሦስተኛው ጥያቄ ነበር።

የውጭ አገር ተጓዥ ጉዳይ ለምን ይለያል?

ከሩቢ ፕሪንሰስ የወረዱት ተጓዦች ለ14 ቀን ራሳቸውን ለይተው እንዲቆዩ የሚገልጽ ወረቀት ተሰጥቷቸው ነበር። የሲድኒ ነዋሪ ይህን በቤቱ ሊፈጽም ይችላል። በከተማዋ ቤት የሌለው የውጭ አገር ሰው ግን የት ይቆይ? ወረቀቱ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛትና ወደ ውጭ አገር የሚሄዱት ጉዟቸውን እንዲቀጥሉ ፈቀደ። ኮሚሽኑ ይህ ከማርች 17 ጀምሮ ይሠራ ከነበረው የክፍለ ግዛቱ የጤና ትእዛዝ ጋር እንደሚጋጭና ነዋሪ ላልሆኑት ተጓዦች ማረፊያ መዘጋጀት እንደነበረበት አመልክቷል።

የውጭ አገር ተጓዥን መከታተል በሌላም ምክንያት ይከብዳል። ስልኩ በደረሰበት አገር ላይሠራ ይችላል። የሚሰጠው አድራሻ የአንድ ሌሊት ሆቴል ሊሆን ይችላል። በቋንቋው ያልተጻፈ ወረቀት ቢሰጠው ይዞት ይሄዳል እንጂ አይፈጽመውም። የመኖሪያ ፈቃዱ ወይም ቪዛው እንዳይበላሽበት ሰግቶ ሕመሙን ሊሰውርም ይችላል። በመግቢያ ኬላዎች የሚሞላው የተጓዥ መረጃ ቅጽ የመቀመጫ ቁጥርን፣ የሚሠራ ስልክንና በሚቀጥሉት ቀናት የሚገኝበትን አድራሻ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ከጎኑ የተቀመጠ ሰው መታመሙ ነገ ቢታወቅ፣ ጤና ባለሙያው ተጓዡን የሚያገኘው በዚያ ቅጽ ነው።

የሙቀት መለኪያው የማያየው

በወረርሽኝ ጊዜ በወደብና በአውሮፕላን ማረፊያ የሚታየው የሙቀት መለኪያ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም የሚያየው ትኩሳትን ብቻ ነው። የኮቪድ-19 ቫይረስ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ በአብዛኛው 5 ወይም 6 ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 14 ቀን ይወስዳል። ትኩሳት ማስታገሻ የወሰደ ሰውም መለኪያውን በጤናማ ሙቀት ሊያልፈው ይችላል።

ወደብ አልባ የሆነችው አገራችን ይህን ከራሷ ተሞክሮ ታውቀዋለች። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ መገኘቱ ሲገለጽ፣ ሕመምተኛው የካቲት 25 ቀን ከቡርኪና ፋሶ የገባ የጃፓን ዜጋ ነበር። በመግቢያውና ሕመሙ በተረጋገጠበት ዕለት መካከል ዘጠኝ ቀናት አሉ። ከመጋቢት 14 ቀን ጀምሮ ወደ አገር የሚገቡ ተጓዦች ለ14 ቀን በተመረጡ ሆቴሎች ተለይተው እንዲቆዩ የተደረገውም፣ በበር ላይ የሚደረግ የአንድ ጊዜ ልየታ ብቻውን በቂ ስላልሆነ ነው። ከመርከብ የወረደ ተጓዥ ቦሌ ሲደርስ በአውሮፕላን የመጣ ሰው ሆኖ ይታያል። ከዚያ በፊት በመርከብ ላይ መሰንበቱን የሚያውቀው እርሱ ራሱ ነው፤ ካልነገረ በቀር ሌላ ነጋሪ የለውም።

የተጓዡ መብት

የጤና ቁጥጥር ቅጣት አይደለም፤ ተጓዡም ተጠርጣሪ ወንጀለኛ አይደለም። የዓለም አቀፍ ጤና ደንብ አገሮች ተጓዦችን ክብራቸውንና ሰብአዊ መብታቸውን ጠብቀው እንዲያስተናግዱ፣ ጾታቸውን፣ ባህላቸውንና ሃይማኖታቸውን እንዲያገናዝቡ ያስገድዳል። ተለይቶ እንዲቆይ የተደረገ ተጓዥ በቂ ምግብና ውኃ፣ ተገቢ ማረፊያና ልብስ፣ የንብረቱ ጥበቃና ሕክምና ሊሟላለት ይገባል፤ በተቻለ መጠንም በሚገባው ቋንቋ መረጃ ሊያገኝ ይገባል። የሕክምና ምርመራ በመርህ ደረጃ የሚደረገው ተጓዡ ተረድቶ ሲፈቅድ ነው። ሆኖም የጤና አደጋ መኖሩን የሚያመለክት ማስረጃ ሲኖር አገሩ በሕጉ መሠረት ምርመራ ወይም ለይቶ ማቆየት ሊያዝ ይችላል። ለጤና ጉዳይ የተሰጠ የግል መረጃም በምስጢር እንዲያዝ ደንቡ ይጠይቃል።

ከተጓዡና ከቤተሰቡ የሚጠበቀው

1. በመርከብ ላይ ሳሉ ትኩሳት፣ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተሰማዎ በዚያኑ ዕለት ለመርከቡ ሐኪም ይናገሩ። እስከ መውረጃው ቀን አያቆዩት።

2. የጤና መግለጫ ሲሞሉ ማስታገሻ መውሰድዎንም ይግለጹ። የረከሰ ትኩሳት የዳነ ሕመም አይደለም።

3. ላለፉት 14 ቀናት የነበሩባቸውን ወደቦችና አገሮች፣ የመርከቡን ስምና የክፍልዎን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ይያዙ። በቀጣይ በረራ የመቀመጫ ቁጥርዎንም ይጨምሩበት።

4. የተጓዥ መረጃ ቅጽ ላይ የሚሠራ ስልክ ይስጡ። የራስዎ ስልክ የማይሠራ ከሆነ የሚያርፉበትን ሰው ስልክ ይጻፉ።

5. ናሙና ከሰጡ ውጤቱ ሳይደርስዎ ጉዞዎን አይቀጥሉ። ማህተም ስለተመታልዎ ውጤት የደረሰዎ አይምሰልዎ።

6. የተሰጠዎትን ወረቀት ካልተረዱት በሚገባዎት ቋንቋ እንዲያስረዱዎ ይጠይቁ። መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ማንንም ማስቸገር አይሆንም።

7. ራስዎን ለይተው እንዲቆዩ ከተነገረዎ የሚቆዩበት ቦታ ከሌለዎ፣ ከወደቡ ወይም ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጡ ይህንኑ ለጤና ባለሙያው ያሳውቁ።

8. ከጉዞ የሚመለስ ዘመድ የምትቀበሉ ቤተሰቦች የእንኳን ደህና መጣህ ድግሱንና የእንግዳ ብዛቱን አዘግዩት። ተጓዡ ለብቻው የሚያርፍበት፣ አየር የሚገባው ክፍል አዘጋጁለት። አረጋውያንና የቆየ ሕመም ያለባቸው የቤተሰብ አባላት ቀናቱ እስኪያልፉ በስልክ ቢጠይቁት ይሻላል።

ማጠቃለያ

የኢሚግሬሽን ሠራተኛው የአገርን ሉዓላዊነት፣ የጉምሩክ ሠራተኛው የአገርን ሀብትና ጸጥታ ይጠብቃሉ። ሁለቱም ሥራቸውን በሚገባ ቢፈጽሙም በሽታ በመካከላቸው ሊያልፍ እንደሚችል የሲድኒው ወደብ አሳይቷል። የጤናው በር በሦስት ነገሮች ይጠበቃል፤ በመርከቡ እውነተኛ መግለጫ፣ ውጤት ለመጠበቅ በሚደፍር የጤና ባለሥልጣን፣ ሕመሙን በማይሸሽግ ተጓዥ። ከሦስቱ የመጨረሻው በእያንዳንዱ ሰው እጅ ነው። ከታመሙ በኋላ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል፤ ለተጓዥ ደግሞ ጥንቃቄው የሚጀምረው ማንም ሳይጠይቀው «አሞኛል» ብሎ በመናገር ነው።